ቱፎርት ድልድይ ላይ ሳንድዊች የጣለው ሰውዬ

ቱፎርት የሚባለው የጌም ሜዳ ድልድይ ጣሪያ አለው፤ ከሥሩ ውኃ ነው። በአንድ በኩል የቀዮቹ የእንጨት ምሽግ፣ በሌላው በኩል የሰማያዊዎቹ ምሽግ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። በሁለቱም ሰገነት ላይ ስናይፐሮች አድፍጠው አንዱ የሌላውን ግንባር ይፈልጋል። እኔ ከቀዮቹ ጋር ነኝ። የሰማያዊዎቹን የምስጢር ሻንጣ ከምድር ቤታቸው ሰርቄ ለመውጣት እየሮጥኩ ድልድዩ መሐል ስደርስ ሄቪ የሚባለው ግዙፍ ተዋጊ ቆሞ አገኘሁ። ሰማያዊ ለብሷል፤ ጠላቴ ነው። መትረየሱን ግን አላዞረብኝም። ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ አለና ሳንድዊቹን እግሬ ሥር ወረወረልኝ።

በላሁት። የቆሰለው ሰውነቴ አገገመ። እኔም መሣሪያዬን ዝቅ አድርጌ ቁጢጥ ብድግ አልኩለት፤ በዚህ ጌም ውስጥ አንድ ቃል ሳይወጣ «ሰላም ነን» የሚባለው እንዲህ ነው። ከኋላዬ የመጣው የራሴ ቡድን ሶልጀር ግን ይህን አላየም፣ ወይም አይቶ ግድ አልሰጠውም። ሮኬቶቹን አከታትሎ ለቀቀ። ሄቪው ከነመትረየሱ ወደቀ።

የጽሑፍ መስመሩ ወዲያው ተጋጋለ። ከእኛው ወገን አንዱ «ምን አደረገህ? ሰውዬው እኮ እየተጫወተ ነበር» ብሎ ጻፈ። ሶልጀሩ መለሰ፦ «እኔስ ምን እያደረግኩ መሰለህ?»

ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ አልረሳሁትም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ሁለት ነገር ነው፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት ኳስም ጨዋታ ነው፣ ቡና ሲፈላ የሚወርደው ወግም ጨዋታ ነው። እንግዳችንን «ተጫወት እንጂ» ስንለው ከማንም ጋር እንዲፎካከር አይደለም፤ ቤት ያፈራውን እየቀመሰ እንዲያወጋ ነው። ቲም ፎርትሬስ 2 የሚባለው የተኩስ ጌም ለብዙ ዓመት ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ሜዳ ይዞ ኖሯል። እንዴት እንደቻለ፣ የት ላይ እንዳቃተውም መናገር የፈለግኩት በመስመር ላይ አብሮ የመጫወት ነገር ለእኔ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ብዙ ወጣት ከማያውቀው ሰው ጋር የሚገናኝበት አደባባይ ዛሬ እዚያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የጌሙ ዘር የሚመዘዘው ከ1996 ነው። ሮቢን ዎከር፣ ጆን ኩክና ኢያን ኮሄሊ የተባሉ ሦስት አውስትራሊያውያን ክዌክ የተባለውን ጌም ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ለወጡት፤ ተጫዋቹ ከመሰለፉ በፊት የሥራ ድርሻ እንዲመርጥ አደረጉ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራቸውን አይቶ ዎከርንና ኩክን ቀጠራቸው። ሁለተኛው ቲም ፎርትሬስ ኦክቶበር 10 ቀን 2007 ሲወጣ ዘጠኝ ገጸ ባሕርያት ነበሩት፤ እነዚያው ዘጠኙ እስከ ዛሬ አሉ። ጁን 2011 ላይ ደግሞ ጌሙ ያለ ክፍያ የሚወርድ ሆነ።

የዘጠኙን አሠራር ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ይህን ጌም የሠሩት ሰዎች ማነጣጠር የማይችለውን ሰው አልረሱትም። ሜዲኩን እንውሰድ። የሕክምና መሣሪያው ጨረር የቡድኑን አባል አንዴ ከያዘ በኋላ እየተከተለው ይቀጥላል፤ የፈጠነ ጣት አይጠይቅም። በቂ ሲያክም ደግሞ ራሱንና የሚያክመውን ሰው ለ8 ሰከንድ ጥይት የማይበሳው የሚያደርግ ኃይል ያጠራቅማል። አነጣጥሮ ጭንቅላት መምታት የማይችል ሰው አንድን ሙሉ ምሽግ የሚሰብረውን ጥቃት ይመራል ማለት ነው። ኢንጂነሩም እንደዚያው ነው፤ የሚተክለው አውቶማቲክ መትረየስ እሱን ተክቶ ያነጣጥራል። የእሱ ችሎታ የት ልትከል የሚለውን ማወቁ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያጨቃጭቀው «ራንዶም ክሪት» የሚባለው ነው። አንድ ጥይት ወይም ሮኬት ያለ ማስጠንቀቂያ ሦስት እጥፍ ጉዳት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ዕድሉ ለአብዛኞቹ መሣሪያዎች ከ2 በመቶ ይነሣል፤ ተጫዋቹ ባለፉት 20 ሰከንዶች ብዙ ጉዳት ካደረሰ እስከ 12 በመቶ ይወጣል። ትናንት ጌሙን የጫነ ልጅ በዕውር ድንብር የተኮሰው ሮኬት አምስት ዓመት የተለማመደውን ሰው በአንድ ምት ሊጥለው ይችላል። ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የወደቀው ሰው ጠረጴዛውን ይመታል።

በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ምት እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ያዘዋል። ራንዶም ክሪት የዚህ ወንድም ነው እላለሁ፤ ግን የተቺዎቹንም ቃል መስማት ይገባል። ዕድሉ የሚያድገው ብዙ ለመታው ሰው ስለሆነ ሎተሪው ከደካማው ይልቅ ላሸናፊው ያደላል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ደግሞ ወር ሙሉ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ተለማምዶ የመጣ ሰው ዋንጫውን በዕጣ ቢያጣ ግፍ ነው። ስለዚህ የሊግ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው አጠፉት። የራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ ስድስት ለስድስት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስካውት፣ ሁለት ሶልጀር፣ አንድ ዴሞማን፣ አንድ ሜዲክ። ሌሎቹ ብቅ የሚሉት ለአጭር ጊዜ፣ ለአንድ የተለየ ዓላማ ነው። ዘጠኙን ሁሉ አንድ አንድ አድርጎ የሚያሰልፍ «ሃይላንደር» የሚባል ዘጠኝ ለዘጠኝ ውድድርም አላቸው። ኢቲኤፍ2ኤል የተባለው የአውሮፓ ሊግ ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት የሠራው ተጫዋቾቹ ራሳቸው እያስተዳደሩት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማለት የምፈልገው አለ። ብዙ ሰው ውድድርና መዝናናት የማይታረቁ ጠላቶች ናቸው ብሎ ይጀምራል። በቲም ፎርትሬስ 2 ውስጥ ግን ወደ አሥር ዓመት ገደማ ጎን ለጎን ኖረዋል። ያኖራቸው ሰርቨር ነው፤ በተለይም ተጫዋቾች ራሳቸው የከፈቱት ሰርቨር።

ሰርቨር ሠፈር ነበር። ስም አለው። አስተዳዳሪ አለው። «እዚህ ክሪት ጠፍቷል»፣ «እዚህ ስናይፐር ከሁለት አይበልጥም»፣ «እዚህ መሣሪያ ያላነሣን ሰው መግደል ነውር ነው» የሚል የራሱ ደንብ አለው። ማታ ማታ የሚመጡት ያው ሰዎች ናቸው፤ ማን ጎበዝ እንደሆነ፣ ማን ቀልደኛ እንደሆነ፣ ማን ሲሸነፍ እንደሚነጫነጭ ይታወቃል። አንዱ ቡድን በጣም ከበረታ ከጎበዞቹ አንዱ በፈቃዱ ይሻገራል። በሠፈር ኳስ ሁለት አምበሎች በተራ በተራ እየመረጡ ቡድን ሲያወጡ ሚዛኑን የሚጠብቁት እንዲሁ ነው። ትንሹን ልጅ የት እንደሚያሰልፉት፣ ጎበዙን ከማን ጋር እንደሚያደርጉት ያውቃሉ፤ ይህን የሚነግራቸው ቁጥር ሳይሆን አብሮ መኖር ነው። ሳንድዊች የሚጥለው ሄቪም ሊኖር የቻለው በዚህ ነው። ማንነቱን የሚያውቁ ሰዎች መሐል ካልሆነ እንዲህ ያለ ሰው ሰነፍ ተብሎ ይባረራል።

2016 መጣ። ሜይ 24 ላይ ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ኦቨርዎች የሚባል ጌም አወጣ፤ ገጸ ባሕርይ መርጦ በቡድን መፋለም የሚለው ሐሳብ ከቲም ፎርትሬስ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ማሽኑ ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ይመርጥለታል። ከወር በኋላ ደረጃ ያለው የውድድር ክፍል ተጨመረበት። ቫልቭም ጁላይ 7 ቀን 2016 «ሚት ዩር ማች» የተባለውን ማሻሻያ ለቀቀ። ለውድድር ስድስት ለስድስት የሆነ፣ ደረጃ ያለው ክፍል ተከፈተ። ለመዝናናት ደግሞ «ካዡዋል» የሚባል አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ክፍል መጣ፤ ተጫዋቹን በአንዴ ወደ ሰርቨር ይልክ የነበረው «ኩዊክፕሌይ» ተነሣ።

ስሙ መዝናኛ ይሁን እንጂ የተሠራው በውድድር አምሳል ነበር። ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ይጣመራል፤ ነጥብ ይሰበስባል፤ ደረጃው ይጻፋል። መጀመሪያ ላይ ከጨዋታ መሐል ለወጣ ሰው ቅጣት ሁሉ ነበረበት። እናቱ ለእራት የጠራችው ልጅ በሠፈር ኳስ «መጣሁ» ብሎ ይሮጣል፤ እዚህ ግን ይቀጣል። ቁጣው ስለበረታ ኩባንያው ቅጣቱን በቀናት ውስጥ አነሣው። ተመልሶ ያልመጣው ሌላው ነገር ነው። አዲስ ሰው ጌሙን ከፍቶ ትልቁን ቁልፍ ሲጫን የሚሄደው ወደ ኩባንያው ሰርቨር ብቻ ሆነ። የተጫዋቾቹ ሰርቨሮች ያሉበት ዝርዝር አልጠፋም፤ ግን ፈልጎ ለሚገባ ሰው ብቻ ቀረ። ሠፈሩ አልፈረሰም፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ነው የተዘጋው።

የሊግ ተጫዋቾችስ አዲሱን የውድድር ክፍል ወደዱት? አልወደዱትም። የሚያውቁት የአሰላለፍ ገደብ የለበትም፤ ስለዚህ በራሳቸው ሊግ ቀጠሉ። ካዡዋል ደግሞ አስተዳዳሪ የሌለው ቤት ስለሆነ ከ2020 ወዲህ ራሳቸው የሚያነጣጥሩ የማጭበርበሪያ ሮቦቶች ወረሩት። ተጫዋቾች በ2022 እና በ2024 በዘመቻ ከጮኹ በኋላ ነው ኩባንያው በብዛት ማባረር የያዘው። በሠፈር ሰርቨር ግን አስተዳዳሪው አይቶ በደቂቃ ውስጥ ያስወጣቸው ነበር።

አሁን ስለ ማጣመሪያው ማሽን ራሱ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ብዙ የሚረገም ግን ጥቂት የሚታወቅ ነገር ነው። መነሻው ቼዝ ነው። አርፓድ ኤሎ የተባለ፣ በሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የፊዚክስ መምህር ለቼዝ ተጫዋቾች የቁጥር መለኪያ ሠራ፤ የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ የዓለሙ በ1970 ተቀበለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በሁለት ሰዎች ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ማን ምን ያህል የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ይናገራል። የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ያህል ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ከጨዋታው በኋላ የተጠበቀው ካልሆነ ቁጥሩ ይታረማል። ቼዝ ግን አንድ ለአንድ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ተጫዋቾች ያዘጋጀው «ትሩስኪል» ይህን ወደ ቡድን አሰፋው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁጥር ይይዛል፣ አንዱ የችሎታው ግምት፣ ሌላው ማሽኑ በግምቱ ምን ያህል እንደሚጠራጠር። አዲስ ሰው በ25 ይጀምራል፤ ጥርጣሬው ግን ትልቅ ነው። በተጫወተ ቁጥር ጥርጣሬው ይጠባል።

በዚህ ስሌት ክፋት የለበትም። የሚቸግረው ማሽኑ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መፈለጉ ነው፤ እኩያ ተጋጣሚ፣ አጭር ወረፋ፣ ጥሩ ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ማጠር)። ብዙ ተጫዋች ባለበት ከተማ ሦስቱም ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው ግን ሦስቱ አብረው እንደማይገኙ በደንብ ያውቃል። ቫልቭ ለእኛ ቀረብ የሚል ሰርቨር ያለው ዱባይ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ጆሃንስበርግ ወይም አውሮፓ። ማሽኑ እኩያህን ልፈልግልህ ብሎ ርቆ በሄደ ቁጥር ጥይትህ ይዘገያል። ተደብቀህ ከግድግዳ ኋላ ከገባህ በኋላ ትሞታለህ። ችሎታህ ከተጋጣሚህ እኩል ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ሰዓትህ ግን እኩል አይደለም።

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ኮል ኦቭ ዱቲን የሚያሳትመው አክቲቪዥን በ2024 ባወጣው ጥናት ማጣመሪያው ለችሎታ የሚሰጠውን ክብደት በሙከራ ሲቀንስ 90 በመቶ የሚሆኑት ተጫዋቾች ወደ ጌሙ የመመለሳቸው መጠን መቀነሱን አስታወቀ፤ የተጠቀሙት ላይኞቹ ብቻ ናቸው። ሻጩ ስለ ገዛ ዕቃው የመሰከረው ምስክርነት መሆኑን ሳልረሳ፣ ውጤቱን አምነዋለሁ። ደካማ ሰው በየማታው ከተረገጠ አይመለስም። በተቃራኒው ዩቢሶፍት ኤክስዲፋያንት የተባለውን ጌም ሜይ 2024 ሲለቅ በመዝናኛ ክፍሉ በችሎታ አላጣምርም ብሎ ቃል ገባ፤ ከዚህ ነጻ የተደረጉት ጀማሪዎቹ ብቻ ነበሩ። በየመድረኩ ይህን ሲጠይቁ የኖሩ ጎበዝ ተጫዋቾች ደስ አላቸው። ጁን 3 ቀን 2025 ሰርቨሮቹ ተዘጉ። ጌም በብዙ ምክንያት ይሞታል፤ ቃሉ ብቻውን ሊያቆየው አለመቻሉ ግን ግልጽ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ሚዛኑን ማጥበቅም መጣልም አይደለም። ጥያቄው የተነሣው ከተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል። ለምን አንድ ሕግ ለሁሉም ይሆናል? ኦቨርዎች በ2016 ያጋጠመው ችግር ጥሩ ማሳያ ነው። ቶርቢዮርን የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚተክለው አውቶማቲክ ጠመንጃ በኮምፒውተር ላይ በማውዝ ለሚያነጣጥሩ ሰዎች ቀላል ኢላማ ነበር። በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ ለሚጫወቱት ግን የሚያሰቃይ ነገር ሆነ። ብሊዛርድ በነዚያ ላይ ብቻ ጉዳቱን በ30 በመቶ ቀነሰው። ያው መሣሪያ፣ ያው ጌም፣ ሁለት ሕግ። ማንም አልተጎዳም።

ሌላው የቫልቭ ጌም ካውንተር ስትራይክም ይህን ያውቃል። በውድድሩ አምስት ለአምስት ነው፤ ጥይት መከላከያ ሰደርያ በገንዘብህ ትገዛለህ፤ የራስህን ጓድ ከመታኸው ይቆስላል። በካዡዋሉ አሥር ለአሥር ነው፤ ሰደርያው በነጻ ይሰጥሃል፤ ጓድህን ጥይትህ አይነካውም። ከዚያ አልፎ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሰርቨሮቻቸው ላይ የፈጠሩት ሌላ ዓለም አለ። ተዳፋት ላይ መንሸራተት ብቻ የሚደረግበት «ሰርፍ» አለ፤ ሰው በገደልክ ቁጥር መሣሪያህ የሚቀየርበት «ጋንጌም» አለ። ይህን ሁለተኛውን ቫልቭ በኋላ ወስዶ የጌሙ መደበኛ ክፍል አደረገው። ጥሩው የመዝናኛ ሐሳብ የመጣው ከኩባንያው ቢሮ ሳይሆን ከሠፈሩ ነው።

ስለዚህ ሶልጀሩን አልኮንነውም። መተኮስ የፈለገ ሰው የሚተኩስበት፣ መሰልጠን የፈለገ የሚሠለጥንበት ክፍል ይገባዋል፤ እዚያ ክሪት ይጥፋ፣ ቁጥሩም በትክክል ይቆጠር። ሄቪውም ሳንድዊቹን የሚጥልበት ክፍል ይገባዋል። ሁለቱ በማይተዋወቁበት፣ ሕጉን ማንም ባልነገራቸው፣ ጨዋታው ሲያልቅ በሚበተኑበት አዳራሽ መገናኘታቸው ነው ጥፋቱ። ጥፋቱም የእነሱ አይደለም፤ አዳራሹን እንዲያ አድርጎ የሠራው ሰው ጥፋት ነው።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ቫልቭ የቲም ፎርትሬስ 2ን የጌም ኮድ ለገበያ ላልሆነ ሥራ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሰርቨሩ ፕሮግራም በነጻ የሚወርድ ነው። ደካማ የሚባል ኮምፒውተር ይሸከመዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ በኬብል በተያያዙ ኮምፒውተሮች መካከል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በዚያ ቤት ውስጥ ዱባይ ድረስ የሚሄድ ጥይት የለም። ፒንግ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚመዘገብ ደረጃ፣ የማይታወቅ ተጋጣሚ የለም፤ ጎረቤትህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው የገደለህ፤ ዞር ብለህ ታየዋለህ።

ጌም ቤት ያላችሁ፣ ወይም በዩኒቨርሲቲ ዶርም በርከት ያሉ ላፕቶፖች ማያያዝ የምትችሉ፣ አንድ ሰርቨር ክፈቱ። ስም ስጡት። ማክሰኞ ማታ ስድስት ለስድስት፣ ቅዳሜ ቱፎርት ይሁን። ራንዶም ክሪት ይብራ ወይስ ይጥፋ የሚለውን ደግሞ እዚያ የተቀመጡት ልጆች እጅ አውጥተው ይወስኑ።